አጥናፍ ሰገድ በለው፤ ግን አንድ ላይ አስጽፈው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ትናንት ማታ አነበብኩት። ሚስትህ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች፣ ወንድ ነው ተብላችኋል፣ አንተ በቅድመ አያትህ ስም አጥናፍ ሰገድ ልትለው አስበሃል። የሚስትህ ወገን ደግሞ «ናታን ወይ ያቤጽ በሉት፤ ይሄ የሽማግሌ ስም ነው፣ ትምህርት ቤት ይሳቅበታል» ብሎ ይዞሃል። እኔ እዚሁ ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው። ልጄ ወሰን ሰገድ ይባላል፤ ዘንድሮ ሰባት ዓመቱ ነው። የደረሰብኝን ልንገርህ።

አንደኛ፣ ሳቁን እርሳው። ጓደኞቹ በሳምንቱ «ወሰኔ» አሉት፣ አለቀ። አማቴ እስከ ዛሬ ካሳ ነው የሚሉት፤ እሱ ሊወለድ ሁለት ወር ሲቀረው ባለቤታቸው አርፈውባቸው ነበር። ይበሉት። በእኛ አገር አያት የምትጠራው ስም አለ፣ ቄሱ በክርስትና የሚሰጡት አለ፣ መዝገብ ላይ የሚሰፍረው አለ። መጠንቀቅ ያለብህ የመጨረሻውን ነው።

ሁለተኛ፣ ዋናው ይሄ ነው፦ ስሙን አንድ ላይ አስጽፈው። በሁለት ቃል እንዳታስጽፍ! እኔን ያቃጠለኝ ይህቺ አንዲት ክፍት ቦታ ናት።

ልጁ በተወለደ በሳምንቱ «ወረቀቱን ቶሎ ልገላገል» ብዬ ሄድኩ። ጸሐፊዋ ስልክ እያወራች «የልጁ ሙሉ ስም» አለችኝ። «ወሰን ሰገድ በለጠ ተክሌ» አልኳት። ጻፈች፣ ማኅተም መታች፣ ሰጠችኝ። እኔም ሳላነበው አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ቁም ሣጥን ውስጥ አራት ዓመት ተቀመጠ።

ጉዱ የወጣው መዋዕለ ሕፃናት ላስመዘግበው ስሄድ ነው። መዝጋቢዋ መታወቂያዬንና የልጁን የልደት ምስክር ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጣ አየች። አንዴ ወረቀቱን፣ አንዴ እኔን። «አባትየው ቢመጡ ይሻላል» አለችኝ። «አባቱ እኮ እኔ ነኝ» ስላት ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረችው። ስም፦ ወሰን። የአባት ስም፦ ሰገድ። የአያት ስም፦ በለጠ።

የገዛ ልጄ አያት ተደርጌያለሁ። አባቴ ተክሌ ጭራሽ የሉም።

አባቴ የመንዝ ሰው ናቸው። ሰባት ቤት ሳይደናቀፉ ይቆጥራሉ። በእነሱ ጊዜ፣ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በፊት ማለቴ ነው፣ ርስት የሚጠየቀው ዘር ተቆጥሮ ነበር። የአያት ስም ማለት መሬት ማለት ነው። ወረቀቱን ሲያዩት አልተቆጡም። መነጽራቸውን አወለቁና «እኔን የት አደረጋችሁኝ?» ብቻ አሉኝ። ያቺን ቀን አልረሳትም።

ላስተካክል ስሄድ ያቺ ጸሐፊ ተቀይራለች። በቦታዋ ያገኘሁት ሰውዬ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «እኛ የተነገረንን ነው የጻፍነው። ደግሞ ሰው አጭር ስም አጥቶ ነው?» አለኝ። አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ስም የሚወጣው ለጸሐፊ እንዲቀለው ነው እንዴ? «የፍርድ ቤት ትእዛዝ አምጣ» ተባልኩ። ምስክር አቆምኩ። አንደኛውን ምስክር ከመሐል ሜዳ ነው ያስመጣሁት፤ ትራንስፖርቱንም ማደሪያውንም ቻልኩ። ቀጠሮ፣ እንደገና ቀጠሮ። ሰባት ወር ፈጀብኝ። ትእዛዙን ይዤ ስመለስ «ሲስተም የለም» ተባልኩ። በመጨረሻ ሲታተም ደግሞ በንጉሡ ሠ «ወሰንሠገድ» ብለው አመጡልኝ። በዚህኛው ግን መስኮቱ ላይ ቆሜ ፊደል በፊደል አነበብኩት። ታርሞ እስኪታተም ንቅንቅ አላልኩም።

ስለዚህ «አጥናፍሰገድ» ብለህ በጉልህ ጽፈህ ወረቀቱን ስጣቸው፤ በቃል አትንገራቸው። የአንተ ልጅ ስም እንዲያውም ሌላ ጣጣ አለበት። ግእዝ የሚያውቅ ሰው ካጋጠመህ «ትክክሉ አጽናፍ ነው» ብሎ ሊያርምልህ ይችላል። ከሚስትህ ጋር አንዱን ቁረጡ። በላቲን ፊደል እንዴት እንደሚጻፍም አሁኑኑ ወስኑ፤ ነገ ለፋይዳም ለፓስፖርትም ያው አንዱ ይሁን። ደግሞ አትቸኩል። በአዋጅ 760/2004 መሠረት ልደት ለማስመዝገብ 90 ቀን አለህ። በአርባ ቀኑ ክርስትና ተነሥቶ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ስሙ ጸድቆ ገና ሃምሳ ቀን ይተርፍሃል። እኔ በሳምንቱ ምን አስሮጠኝ?

ሦስተኛ፣ የሚስትህን ቤተሰብ አትጨቃጨቃቸው፤ ስሙን አስረዳቸው። የምድር ዳርቻ ሁሉ እጅ የነሣለት ማለት ነው በላቸው። «ሰገድ» እኮ የነገሥታት ስም ነው። ሠርጸ ድንግል መለክ ሰገድ፣ ፋሲለደስ ዓለም ሰገድ ተብለው ነግሠዋል። የእኛው ወሰን ሰገድ ደግሞ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አባት፣ የዳግማዊ ምኒልክ ቅድመ አያት ናቸው። የባለቤቴ እህት ይህን ስነግራት ነው «ናታን» ማለቷን የተወችው።

ባለፈው ጥር ከልጄ ጋር ጠባሴ ታክሲ እንጠብቃለን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። በርኖስ የደረቡ አንድ ሽማግሌ አጠገባችን ቆመዋል። «ማን ይሉሃል የእኔ ጌታ?» አሉት። «ወሰንሰገድ በለጠ ተክሌ» አላቸው፣ አንዱንም ሳይዘል። ሽማግሌው ከዘራቸውን ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩና፣ እንደ ትልቅ ሰው ባርኔጣቸውን ከፍ አድርገው እጅ ነሡት። ልጄም ጎንበስ ብሎ መለሰላቸው። ማታ ለአያቱ ሲተርክላቸው ሦስቴ አስደገሙት።

እንኳን ማርያም ማረቻት ለማለት ያብቃን። የምታስመዘግብበትን ቀን ንገረኝ፤ ደብረ ብርሃን ከሆነ አብሬህ ሄጄ ከማኅተሙ በፊት አነብልሃለሁ።