ከዶሮ ሥር ያደጉ ዳክዬዎች ኩሬ ሲፈሩ

ጥያቄው የደረሰን ከደብረ ብርሃን አካባቢ ነው። ጠያቂያችን የዳክዬ እንቁላል ገዝተው፣ በአበሻ ዶሮ አስታቅፈው፣ በ28ኛው ቀን ስድስት ጫጩቶች አስፈልፍለዋል። ዳክዬዎቹ አሁን ሁለት ወር ተኩል ሆኗቸዋል። ይሁን እንጂ ለአትክልት ማጠጫ በጓሮ በተቆፈረውና ጂኦሜምብሬን (ውኃ የማያሰርግ ወፍራም የፕላስቲክ ንጣፍ) በተነጠፈበት፣ አንድ ሜትር ያህል ጥልቀት ባለው ኩሬ አንዳቸውም ሊገቡ አልፈለጉም። ልጆች አንሥተው ውኃው ውስጥ ሲጥሏቸው እየተንፈራገጡ ወደ ዳር ይሄዳሉ፣ መውጣት ግን አቅቷቸው በእጅ ተስበው ይወጣሉ፤ ከወጡም በኋላ ላባቸው እስከ ቆዳቸው ርሶ ይንቀጠቀጣሉ። «የዝርያ ጉድለት ይሆን ወይስ ዋና የሚለምዱበት መንገድ አለ?» ሲሉ ይጠይቁናል።

ከሁሉ በፊት የምጠይቅዎት ከዛሬ ጀምሮ ማንም ሰው ዳክዬዎቹን አንሥቶ ወደ ውኃ እንዳይጥላቸው ነው። ዳክዬ መዋኘትን ከማንም አይማርም፤ የእግሩ ቆዳም ሆነ የአካሉ ቅርጽ ለዚሁ የተሠራ ነው። ነገር ግን በግድ የገባበትንና መውጫ ያጣበትን ውኃ በቀላሉ አይረሳም፤ በመጣል የተጀመረ ልምምድ ፍርሃቱን ከማባባስ በቀር የሚያተርፈው የለም። እንደ ደጋው ቅዝቃዜ ደግሞ ላባው የራሰ ወፍ በብርድ ሊሞት ይችላል።

የዝርያ ጉድለት የሚለውን ሥጋት በጻፉልን የ28 ቀን ቁጥር ላስወግድልዎ እችላለሁ። የዳክዬ ዝርያዎች በአብዛኛው በ28 ቀን አካባቢ ሲፈለፈሉ፣ መስኮቪ የሚባለውና በዓይኑ ዙሪያ ቀይ ሥጋ የሚያበቅለው ዝርያ ግን 35 ቀን ገደማ ይፈጃል። መስኮቪ ከሌሎቹ ይልቅ ለውኃ ብዙም አይጓጓም። የእርስዎ ዳክዬዎች በ28ኛው ቀን የተፈለፈሉ በመሆናቸው ውኃ ከሚወዱት ወገን ናቸው። ስለዚህ ምክንያቱን ከዝርያቸው ይልቅ ከአስተዳደጋቸውና ከኩሬው አሠራር መፈለግ ይገባናል።

ከጻፉልን ሁሉ ትኩረቴን የሳበው ላባቸው እስከ ቆዳ መራሱ ነው። የጤነኛ ዳክዬ ላባ ውኃ አያስገባም። ይህ የሚሆነው በሁለት ነገሮች ነው፤ አንደኛው እያንዳንዱ የላባ ዘርፍ ከጎረቤቱ ጋር በጥቃቅን መንጠቆዎች ተያይዞ የተጣበበ ሽፋን መሥራቱ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከጅራቱ ሥር በላይ በኩል ካለች ዕጢ የሚወጣው ዘይት ላባው ሳይደርቅና ሳይሰባበር እንዲቆይ ማድረጉ ነው። ዳክዬዎን ፀሐይ ላይ ቆመው ቢመለከቱ፣ አንገቱን ወደ ኋላ ጠምዝዞ አገጩንና ምንቃሩን ከጅራቱ ሥር ካሻሸ በኋላ የደረቱን ላባ አንድ በአንድ በምንቃሩ መካከል እያሳለፈ ሲስብ ያዩታል። ያ ሥራ ላባውን ማጠብ፣ መንጠቆዎቹን መልሶ ማያያዝና ዘይት መቀባት ነው፤ በደንብ የሚከናወነው ግን ዳክዬው ራሱን የሚነክርበት ንጹሕ ውኃ ሲያገኝ ነው። ከዶሮ ጋር በአቧራና በጭቃ ውሎ፣ ከጠባብ የመጠጫ ዕቃ ብቻ እየጠጣ ያደገ ዳክዬ ይህን ዕድል አያገኝም። ላባው ይቆሽሻል፣ መንጠቆዎቹ ይላቀቃሉ፣ በመጨረሻም ውኃ እንደ ጨርቅ ይመጥጣል።

ስለዚህ ወደ ኩሬው ከመመለስዎ በፊት አንድ ቀላል ፈተና ያድርጉ። እኩለ ቀን ላይ ግማሽ ስኒ ያህል ውኃ በእያንዳንዱ ዳክዬ ጀርባ ላይ ቀስ አድርገው ያፍስሱ። ውኃው እየተንከባለለ ከወረደ ላባው ዝግጁ ነው፤ ሰርጎ ገብቶ ላባውን ካጠቆረው ግን ያ ዳክዬ ገና ጥልቅ ውኃ ውስጥ መግባት የለበትም። በጻፉት መሠረት የእርስዎዎቹ ፈተናውን አያልፉም ብዬ እገምታለሁ። ለዚህ መድኃኒቱ ሳፋ ነው። ሰፋ ያለ ሳፋ ወይም በቁመቱ ለሁለት የተሰነጠቀ የፕላስቲክ በርሜል ወስደው፣ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ ንጹሕ ውኃ ሞልተው፣ ፀሐይ እንዲያሞቀው በጠዋት ደጅ ያስቀምጡት። ከዚያም ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ እንደ ልባቸው ይግቡበት፤ ሲቆሽሽ ውኃውን ይለውጡ። ማደሪያቸው በደረቅ ጭድ የተነጠፈ ይሁን፤ ጭዱ ሲርስ ወዲያው ይቀየር፤ ሌሊት በእርጥብ ጉዝጓዝ የሚተኛ ዳክዬ ቀን ያደራጀውን ላባ ያበላሸዋል። ብዙውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ለውጡ በዓይን ይታያል። የተሰባበረ ላባ ግን እስኪረግፍና አዲስ እስኪተካ ድረስ አይስተካከልም፤ እንዲህ ያለው ዳክዬ ቢዘገይ አይቸኩሉበት።

በዚህ ጊዜ ሁለት ነገሮችን አደራ እላለሁ። ላባው ስለቆሸሸ ብለው በሳሙና አይጠቧቸው፤ ሳሙና ያለችውን ጥቂት ዘይት ጠርጎ ይወስዳል። ዘይት አነሰው በሚል ቅቤ ወይም የምግብ ዘይት መቀባትም ከባድ ጉዳት ያስከትላል፤ ላባው እርስ በርሱ ተጣብቆ ሙቀት መያዝ ያቆማል።

አሁን ወደ ኩሬው እንምጣ። ጂኦሜምብሬን ውኃ ለማቆር እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ገጹ ግን እርጥብ ሲሆን ያንሸራትታል፣ የኩሬዎቹም ግድግዳ ብዙውን ጊዜ ዳገታማ ነው። ዳክዬ ከውኃ ለመውጣት እግሩ የሚረግጠው ሸካራ ነገር ያስፈልገዋል። መውጫ የሌለው ኩሬ ውስጥ የሚዋኝ ዳክዬ ሲደክም ላባው መራስ ይጀምራል፣ ከዚያም ይሰጥማል፤ ዳክዬ ውኃ ውስጥ ሊሞት አይችልም ብሎ ማሰብ ብዙ አርቢዎችን አሳዝኗል። ዳክዬዎችዎ ዳሩን መፍራታቸው ከዚህ አንጻር ተገቢ ነው።

አዲስ ኩሬ የሚቆፍር ሰው አንደኛውን ወገን ለእያንዳንዱ አንድ ሜትር ጥልቀት ሦስት ሜትር ወደ ውጭ እየወጣ እንዲያዘቀዝቀው እመክራለሁ። የእርስዎ ግን ተቆፍሮ ስላለቀ በሳንቃ መወጣጫ ይሥሩለት። 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ባለው ረጅም ሳንቃ ላይ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ቀጫጭን እንጨቶችን አግድም ይምቱና በጆንያ ይሸፍኑት። የላይኛውን ጫፍ በገመድ ከካስማ ጋር ይሰሩት፤ የታችኛው ጫፍ ከውኃው ገጽ ቢያንስ 20 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ እንዲሰጥም ድንጋይ በጆንያ ቋጥረው ያንጠልጥሉበት። እንጨት ስለሚንሳፈፍ ይህ ክብደት ከሌለ ሳንቃው ይነሣል፤ ዳክዬውም ከሥሩ ይገባል እንጂ ላዩ ላይ ሊወጣ አይችልም። በበጋ ውኃው ሲጎድል ገመዱን እያላሉ ሳንቃውን ዝቅ ያድርጉ። የጣውላው ጠርዝ ጂኦሜምብሬኑን እንዳይቀድ ከሥሩ አሮጌ ጆንያ ደራርበው ያንጥፉ። ኩሬውን በአጥር ይክበቡት፤ ይህ ለዳክዬዎቹ ብቻ ሳይሆን ለልጆችዎም ነው፤ የሚያንሸራትተው ዳር ለትንሽ ልጅም መውጫ የለውም።

መወጣጫው ከቆመና ላባቸው ፈተናውን ካለፈ በኋላ ልምምዱን ለሆዳቸው ይተዉት። መጀመሪያ መኖውን ከኩሬው ራቅ አድርገው የሚሰጧቸው ከሆነ በየቀኑ ጥቂት እያቀረቡ እስከ ዳሩ ያድርሱት። ዳሩ ላይ ተረጋግተው መብላት ሲጀምሩ በሳንቃው ላይ፣ ቀጥሎም ውኃው በነካው የሳንቃው ክፍል ላይ የተነከረ ገብስ ይበትኑ። በመጨረሻ በደቃቁ የተከተፈ ጎመን ወይም ሰላጣ በውኃው ላይ ይበትኑ፤ ቅጠሉ ስለሚንሳፈፍ አንገታቸውን ዘርግተው ሲለቅሙት እግራቸው ሳያውቁት ከሳንቃው ይለቃል። በዚያች ቅጽበት መጮህ፣ ማጨብጨብ ወይም መቅረብ አያስፈልግም፤ ራቅ ብለው ይቀመጡና ዞረው ወደ ሳንቃው መመለስ መቻላቸውን ብቻ ይመልከቱ። ዳክዬ በመንጋ ስለሚንቀሳቀስ አንደኛዋ ገብታ በሰላም ከተመለሰች የቀሩት አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ሳምንት ይከተሏታል። ዋና የሚያውቅ ዳክዬ ከሌላ ቤት ማምጣትም ይረዳል፤ ነገር ግን በሽታ እንዳያመጣ ቢያንስ ለሦስት ሳምንት ለብቻው አቆይተው ጤንነቱን ካዩ በኋላ ይቀላቅሉት።

አሳዳጊ ዶሮዋን በልምምዱ ሰዓት ከአካባቢው ያርቋት። እናት ዶሮ ልጆቿ ወደ ውኃ ሲጠጉ በዳሩ ላይ ወዲያ ወዲህ እየተሯሯጠች ትጣራለች፤ ድምፅዋን ለምደው ያደጉት ዳክዬዎችም ጥለው ወደ እርሷ ይመለሳሉ። በሁለት ወር ተኩል ዕድሜያቸው ያለ እርሷ ማደር ስለሚችሉ መለየቱ አይጎዳቸውም።

በእርስዎ አካባቢ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ስለሆነ ኩሬው እስከ ረፋድ ድረስ እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል። ላባው የተስተካከለ ትልቅ ዳክዬ ይህን ይችለዋል፤ ለማጆች ግን ፀሐይ ከሞቀ በኋላ ገብተው፣ ከምሽቱ በፊት ደርቀው ወደ ማደሪያቸው ቢገቡ ይሻላል።

ስድስት ዳክዬ ይህን ያህል ኩሬ በፍጥነት ያቆሽሻል። ውኃውን በየጊዜው በከፊል እየቀዱ ለጎመንና ለድንች ማጠጣት ሁለቱንም ይጠቅማል፤ ጥሬውን ለሚበላ ሰላጣ ግን አይጠቀሙበት፤ ለሰው መጠጥና ለዕቃ ማጠቢያም አይሁን። በውኃው የሞተ እንስሳ ወይም የበሰበሰ ቅጠል እንዳይቆይ ይጠንቀቁ፤ ከዚያ የሚፈጠር መርዝ የዳክዬን አንገትና እግር አልፈስፍሶ ይገድላል። ከኩሬው በተጨማሪ ራሳቸውን እስከ ዓይናቸው የሚነክሩበት የመጠጫ ዕቃ ሁልጊዜ ይኑራቸው፤ ዓይናቸውንና አፍንጫቸውን የሚያጸዱት በዚህ ነው።

ዶሮዋን ዳግመኛ ካስታቀፉ፣ ከእናት ዳክዬ ጋር ያለ ጫጩት በተፈለፈለ በማግስቱ ሲዋኝ ቢያዩ የእርስዎም እንዲሁ ይችላል ብለው አይሳቱ። ያ ጫጩት ከእናቱ ላባ ዘይት ያገኛል፣ በክንፏም ሥር ይሞቃል። በዶሮ ያደገ ጫጩት ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ ለብ ባለ ውኃ ቁርጭምጭሚት በሚደርስ ሳፋ፣ እርስዎ እያዩት፣ አምስት ደቂቃ ያህል ገብቶ ወዲያው ይድረቅ፤ ኩሬ የሚገባው ደረቱና ሆዱ በእውነተኛ ላባ ሲሸፈን፣ ማለትም ከ7 እስከ 9 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ለዶሮ ጫጩት የተዘጋጀ መኖ ብቻ ሲበላ ደግሞ ኒያሲን የሚባለው ቫይታሚን አንሶት እግሩ ሊጣመም ስለሚችል የደረቀ የቢራ እርሾ በመኖው ላይ ይጨምሩለት።

ንጹሕ ውኃና ደረቅ ጉዝጓዝ አግኝቶ ከአንድ ወር በኋላም ላባው የሚርስ ዳክዬ ካለ፣ ከጅራቱ ሥር ያለው ዕጢ ማበጡን፣ በላባው መካከልም ቅማል መኖሩን ይመልከቱ፤ አንዱን ካገኙ ወደ ወረዳዎ የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ይውሰዱት።