ዕጢው ከወጣ በኋላ ጨረር ለምን?

እህቴ፣ «የአባቴ የሳንባ ዕጢ በኦፕራሲዮን ወጥቷል፤ አሁን ደግሞ ጨረር ይጨመር አሉን። ከወጣ ወዲያ ምን ያደርጋል?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኛም አዳማ ቁጭ ብለን ይህንኑ ስንባባል ነበር። ሐኪም አይደለሁም፣ አባቴን ያስታመምኩ ልጅ ነኝ።

መጀመሪያ የፓቶሎጂውን፣ ማለትም የወጣው ሥጋ የተመረመረበትን ውጤት፣ ወረቀት ጠይቂ። ተቆርጦ የወጣው ሥጋ ጠርዝ ላይ የካንሰር ሴል ተገኝቷል ወይ? የኛ ተገኝቶ ነበር። በዓይን የማይታይ ቅሪት ደረት ውስጥ ሊኖር ይችላል ማለት ነው፤ ጨረሩ እሱን ለመግደል ነው። ጠርዙ ንጹህ ሆኖ በሽታው መሀል ደረት ያሉት ንፍፊቶች ጋ ካልደረሰ ግን ጨረር አይመከርም፤ ጉዳቱ ያመዝናል። ንፍፊቶቹ ላይ ከተገኘም ለሁሉም አይሰጥም፤ እዚያ ላይ ሐኪሞቹን በደንብ ጠይቂ። ቅደም ተከተሉ የሚገለበጥበትም አለ፦ ዕጢው ሳንባ ጫፍ ላይ፣ ትከሻ ሥር ከሆነ ኬሞና ጨረር ይቀድማሉ፣ ኦፕራሲዮኑ ይከተላል።

አባቴ 30 ጊዜ ወሰደ፤ በሳምንት 5 ቀን፣ 6 ሳምንት፣ ጥቁር አንበሳ። በፈጣን መንገዱ እንመላለሳለን ብለን ነበር። በ4ኛው ቀን ተሸነፍንና ዘመድ ቤት ገባን።

ጨረሩ ራሱ አያምም፣ ጥቂት ደቂቃ ነው። ቦታውን እንዳይስቱ ደረቱ ላይ በቀለም መስመር ያሰምራሉ። ቅዳሜ አዳማ ስንመጣ እናቴ «ምን ለቀለቁት!» ብላ በሳሙና ልታሽለት ስትል ነው ደርሼ ያስጣልኳት።

በ3ኛው ሳምንት መዋጥ አቃተው። ጨረሩ የምግብ ቧንቧውንም ይነካል። ያለ ቃሪያ ምሳ የማይቀርብ ሰው በቀዘቀዘ አጥሚትና በእርጎ ከረመ። (ቃሪያውን ግን አጠገቡ እናስቀምጥለት ነበር፣ ለማየት ብቻ።)

ከጨረሰ ከ2 ወር በኋላ ደረቅ ሳልና የትንፋሽ ማጠር መጣ። ተመለሰበት ብለን ቤቱ ለቅሶ ቤት መሰለ። አንድ ክሊኒክ ደግሞ «ቲቢ ይሆናል» አለን። በመጀመሪያም ካንሰሩ ሳይታወቅ በቲቢ መድኃኒት ወራት የበላብን እሱው ነው! ጨረር ወደሰጠው ሐኪም ሮጥን። ሲቲ ስካን ታየ፤ ጨረሩ ያመጣው የሳንባ ብግነት (መቆጣት) ነበር። ፕሬድኒሶሎን የሚባል ብግነት የሚያበርድ ኪኒን ጀመረ፣ ቀስ በቀስ እየተቀነሰለት ሳሉ ለቀቀው። ጨረሩን ከጨረሰ እስከ 6 ወር ድረስ እንዲህ ያለ ሳል ካየሽ ቀጥታ ወደ ጨረር ሐኪሙ ውሰጂው፤ ሻል ሲለውም ኪኒኑን በራሱ እንዳያቆም።