ሁለት ነጥብ ስድስት ሊትር ለምን?

ጥያቄ፦ የኒሳን ስካይላይን ጂቲ-አር (አር32) ሞተር 2.5 ወይም 3 ሊትር መሆን ሲችል ለምን 2.6 ሊትር ሆነ? በአውስትራሊያ «ከውድድር ታገደ» የሚባለውስ እውነት ነው?

መልስ፦ የሞተሩን ልክ የወሰነው የውድድር ደንብ ነው። መኪናው እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው «ግሩፕ ኤ» በሚባለው የቱሪንግ መኪኖች (ለገበያ ከሚቀርቡ መኪኖች የተሠሩ የውድድር መኪኖች) ውድድር እንዲያሸንፍ ታስቦ ሲሆን፣ በዚያ ደንብ ቱርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) ያለው ሞተር መጠኑ በ1.7 ተባዝቶ ይመደብ ነበር። የጂቲ-አሩ 2,568 ሲሲ ሲባዛ 4,366 ገደማ ስለሚሆን ከምድቡ የ4.5 ሊትር ጣሪያ በታች ይቀራል። ጠያቂያችን የጠቀሱት 3 ሊትር ግን 5.1 ሆኖ፣ መኪናው የበለጠ እንዲከብድ ወደሚያስገድድ ምድብ ይገባል፤ 2.5 ደግሞ እንደ 2.6ቱ በ4.5 ሊትሩ ምድብ ውስጥ ሆኖ የተፈቀደለትን ሳይጠቀም ይቀራል።

ስድስቱ ሲሊንደሮች በአንድ መስመር የተደረደሩ ሲሆኑ ሁለት ቱርቦ ያግዛቸዋል። በወረቀት ላይ የተጻፈው ጉልበት 280 የፈረስ ጉልበት ነው፤ የጃፓን አምራቾች ከዚያ በላይ ላለማስታወቅ ተስማምተው ስለነበር ቁጥሩን እንዳለ ማመን አያስፈልግም። የውድድሩ መኪና ከ500 የፈረስ ጉልበት በላይ ያመነጭ ነበር።

ይህን ሁሉ ጉልበት ወደ አስፋልቱ የሚያወርደው የአራት ጎማ አሠራሩ ነው። መኪናው በመደበኛው ጊዜ የሚገፋው በኋላ ጎማዎቹ ነው። ነጂው ከኩርባ ሲወጣ ነዳጅ ረግጦ የኋላዎቹ መንሸራተት ሲጀምሩ፣ በዘይት ግፊት የሚሠራ ባለብዙ ዲስክ ፍሪሲዮን እስከ ግማሽ የሚደርሰውን ጉልበት ወደ ፊት ያስተላልፋል። ተፎካካሪዎቹ ጎማቸው ሲሽከረከር እሱ ቀድሟቸው ይሄዳል።

በጃፓን ሻምፒዮና ከ1990 እስከ 1993 በተካሄዱት 29 ውድድሮች ሁሉንም አሸነፈ፤ በ1991 የቤልጅየሙን የስፓ 24 ሰዓት ውድድርም ወሰደ። በአውስትራሊያ ጂም ሪቻርድስና ማርክ ስካይፍ በ1991 እና በ1992 የባተርስትን ውድድር አከታትለው አሸነፉ። ሁለተኛው ድል እንግዳ ነበር፦ በከባድ ዝናብ ሪቻርድስ መኪናውን ግድግዳ ላይ ካላተመ በኋላ ተንሸራትቶ ቀድመው ከተጋጩት መኪኖች መካከል ገባ። ውድድሩ ተቋርጦ ውጤቱ ከዚያ በፊት ባለቀው ዙር ስለተቆጠረ ስብርባሪው መኪና አሸናፊ ተባለ፤ ተመልካቹ ሲጮህበትም ሪቻርድስ መድረኩ ላይ ሆኖ ሰደበው።

«ታገደ» የሚለው ግን በጥሬው ትክክል አይደለም። አዘጋጆቹ በመጀመሪያ ክብደት ጨመሩበት፣ የቱርቦውንም ግፊት ገደቡ፤ በ1993 ደግሞ የሻምፒዮናው ደንብ ራሱ ተለውጦ 5 ሊትር ቪ8 ሞተር ላላቸው የሆልደንና የፎርድ መኪኖች እንዲሁም ለ2 ሊትር መኪኖች ተመቻቸ። ስሙን የጠራ እገዳ አልወጣም፤ ጂቲ-አር የሚገባበት ምድብ ግን ከዚያ ወዲያ አልነበረም።