የአንባቢያን ጥያቄ፦ ግሪፊዝ ኦብዘርቫቶሪን እንዴት እንጎብኝ?

(ሰዓቶቹን የጻፍነው በአበሻ አቆጣጠር ነው።)

ጥያቄ፦ እንግዶች ወደ ሎስ አንጀለስ ይመጡብናል። ጀምበር ስትጠልቅ ኮረብታ ላይ ካለው የሰማይ መመልከቻ፣ ከግሪፊዝ ኦብዘርቫቶሪ፣ ከተማዋን ልናሳያቸው አስበናል። ስንት ሰዓት ብንወጣ ይሻላል? መኪናስ የት እናቆማለን?

መልስ፦ ጀምበር ከመጥለቋ ሁለት ሰዓት አስቀድማችሁ ድረሱ። በታኅሣሥ የምትጠልቀው 11 ሰዓት ሳይሞላ ነው፤ በሰኔ ግን 2 ሰዓት አለፍ ብላ። ብዙ ሰው በመጨረሻዋ ግማሽ ሰዓት ይመጣና መጥለቋን መኪና ውስጥ ተሰልፎ ያሳልፈዋል። ሕንፃው አጠገብ ያለው ማቆሚያ ጠባብ ነው፤ በሰዓት 10 ዶላር ያስከፍላል። ግሪክ ቲያትር የተባለው የሙዚቃ መድረክ አካባቢ በነፃ አቁሞ ሽቅብ በእግር መውጣት ይቻላል፤ የሙዚቃ ዝግጅት ባለበት ምሽት ግን አይሞከርም።

እኛን ከጠየቃችሁ መኪናውን ተዉት። በከተማው ባቡር፣ በሜትሮ ቢ መስመር፣ ቨርሞንት/ሰንሴት ጣቢያ ወርዳችሁ ዳሽ ኦብዘርቫቶሪ የሚለውን አውቶቡስ ያዙ፤ በር ላይ ያወርዳችኋል። ለመመለስ ታክሲ በስልክ እንጠራለን ካላችሁ ግን ኮረብታው ላይ ኔትወርክ ደካማ መሆኑን አስቡበት።

ሰኞ ዝግ ነው። ከማክሰኞ እስከ ዓርብ ከቀኑ 6 ሰዓት፣ ቅዳሜና እሑድ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ጀምሮ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ይከፈታል። መግቢያው ነፃ ነው። የግንቦትና የሰኔ ጠዋት ከባሕር የሚመጣ ደመና ከተማዋን ይሸፍናታል፤ አጥርቶ የሚታየው በክረምታቸው (ከታኅሣሥ እስከ የካቲት)፣ ዝናብ ባባራ ማግስት ነው። ያኔ በስተምዕራብ ውቅያኖሱ ሳይቀር ይታያል።

ጥያቄ፦ የ9 ዓመቷ ልጄ ሳተርንን በቴሌስኮፕ ማየት ትፈልጋለች። ክፍያ አለው? ተራውስ ይደርሰናል?

መልስ፦ ክፍያ የለውም። በጣሪያው ምሥራቃዊ ጉልላት ውስጥ ያለው ዛይስ ቴሌስኮፕ፣ ሕንፃው እ.ኤ.አ. በ1935 ከተከፈተ ጀምሮ ለሕዝብ ያገለግላል፤ የሌንሱ ስፋት 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ሰማዩ ከደመነ አይከፈትም። ሕንፃው 4 ሰዓት ስለሚዘጋ ሰልፉ ከዚያ ቀደም ብሎ ይቆረጣል። በሰኔ የሚጨልመው ዘግይቶ ስለሆነ ከአንድ ሰዓት ብዙም የማይበልጥ ጊዜ ነው የሚቀረው፤ ለልጅ የእነሱ ክረምት ወራት (ከታኅሣሥ እስከ የካቲት) ይመረጣሉ፣ የሥራ ቀን ቢሆን ደግሞ ይበልጥ።

ሳተርን ግን ሁልጊዜ በምሽት ሰማይ ላይ አይገኝም። ከመውጣታችሁ በፊት በዚያ ሰሞን ከምሽቱ 1 እስከ 4 ሰዓት የሚታይ መሆኑን በስልክ የሰማይ ካርታ አጣሩ። ትንሽ ሆኖ እንደሚታይም ቀድማችሁ ንገሯት። በመጽሐፍ ያየችውን ትልቅ ሥዕል ከጠበቀች ይከፋታል። በከተማው መብራት የተነሳ ደብዛዛ ጋላክሲዎች አይታዩም፤ ጨረቃና ፕላኔቶች ግን መብራቱ አያግዳቸውም። ጨረቃን ለማየት ግማሽ የሆነችበትን ምሽት ምረጡ። ሙሉ ስትሆን ብርሃኑ ፊት ለፊት ስለሚያርፍባት የጉድጓዶቿ ጥላ ይጠፋል።

ሰልፉ ከረዘመ፣ ጥርት ባለ ምሽት ከሕንፃው ውጭ የሚቆሙትን ትንንሽ ቴሌስኮፖች ሞክሩ።

ጥያቄ፦ የፕላኔታሪየሙ (ሰማዩ በጉልላት ጣሪያ ላይ የሚታይበት አዳራሽ) ትርኢትም ነፃ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ለአዋቂ 10 ዶላር፣ ከ5 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ 6 ዶላር ነው። ከ5 ዓመት በታች ያሉት የሚገቡት በቀኑ የመጀመሪያ ትርኢት ብቻ ነው። ትርኢቱ ከተጀመረ በኋላ ማንም አይገባም፤ ዘግይቶ የመጣ ቲኬቱ ይቃጠልበታል።

ጥያቄ፦ መግቢያው አዳራሽ ውስጥ የሚወዛወዘው ኳስ ችካሎቹን ይጥላል ተብለን ቆመን ጠበቅን፤ አንድም አልወደቀም። ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ አልተበላሸም፤ የቸኮላችሁት እናንተ ናችሁ። 109 ኪሎ ገደማ የሚመዝነው የነሐስ ኳስ 12 ሜትር በሚሆን ገመድ ተንጠልጥሎ በአንድ አቅጣጫ ይመላለሳል። ከሥሩ የምትዞረው መሬት ናት፤ ችካሎቹን ቀስ በቀስ ወደ ኳሱ መንገድ የምታመጣቸውም እሷ ናት። የኳሱ መወዛወዣ መስመር ከወለሉ አንጻር ሙሉ ዙር ለማድረግ በሰሜን ዋልታ 24 ሰዓት ያህል ይወስዳል። በምድር ወገብ ጭራሽ አይዞርም። ሎስ አንጀለስ ከምድር ወገብ 34 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ስለምትርቅ 43 ሰዓት ገደማ ይፈጅባታል። ስለዚህ አንድ ችካል እስኪወድቅ ከ7 እስከ 10 ደቂቃ ታገሡ። ኳሱ ችካሉን ነካ ነካ ማድረግ ከጀመረ ቦታችሁን አትልቀቁ፤ መውደቂያው ደርሷል።