ጉድጓዱን ማን ይድፈነው?

ጥያቄ፦ ከአባቴ ማሳ አጠገብ የድንጋይ ካባ አለ። ሦስት ዓመት ድንጋይ ሲወጣበት ቆይቶ አምና ማሽኑን ጭነው ሄዱ፣ ጉድጓዱን ግን እንዳለ ትተውታል። ክረምት ሲገባ ውሃ ይሞላል፣ ባለፈው ሐምሌ የጎረቤታችን ጥጃ ገብታ ሞተች። ወረዳ ስንሄድ «ፈቃዱን የሰጠው ዞን ነው» ይሉናል፣ ዞን ስንሄድ «ወረዳችሁን ጠይቁ»። ግዴታው የማን ነው? (የገበሬ ልጅ፣ ከሰሜን ሸዋ)

መልስ፦ መድፈን ያለበት የቆፈረው ነው፤ ማስደፈን ያለበት ደግሞ ፈቃዱን የሰጠው የክልሉ መሥሪያ ቤት።

ድንጋይ፣ አሸዋና ገረጋንቲ በሕግ የኮንስትራክሽን ማዕድናት ይባላሉ። በ2002 የወጣው የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678 የእነዚህን ፈቃድ ለአገር ውስጥ ባለሀብት የመስጠት ሥልጣን ለክልሎች ሰጥቷል። ስለዚህ ለዚህ ጉዳይ ፌዴራል ድረስ መመላለስ ትርፉ ድካም ነው። ያው አዋጅ ባለፈቃዱ የተጎዳውን አካባቢ መልሶ ለማስተካከል የሚሆን ገንዘብ እንዲመድብም ያዛል።

እና በቃል መጠየቁን ተወው። ማመልከቻ ጻፍ፣ አባትህ ይፈርሙበት፣ ወረዳው መዝገብ ቤት አስገባና ቁጥሩን ያዝ። ፈቃዱ የማን ነው፣ መቼ አበቃ፣ ለመልሶ ማስተካከያ የተመደበው ገንዘብስ የት ገባ? ግልባጩን ለክልሉ ማዕድን ቢሮና ለአካባቢ ጥበቃው ላክ። ፎቶውን ውሃ ሞልቶ ሳለ አንሣው፤ ጥር ላይ ደረቅ ጉድጓድ ብታሳያቸው ማንም አይደነግጥም።

አሁን ደግሞ ሄደህ አንድ ነገር እይልኝ። ከድንጋዩ ላይ መጀመሪያ የተገፈፈው መረሬ አፈር የት ነው? ዳር ተቆልሎ ከሆነ እድለኞች ናችሁ፣ ጉድጓዱ በድንጋይ ፍርፋሪ ይሞላና አፈሩ ከላይ ይመለሳል፣ ቢያንስ ሣር ያበቅላል። ከጠጠር ጋር ተቀላቅሎ ወይም በገልባጭ ተጭኖ ለሙሌት ተሽጦ ከሆነ ግን ጉድጓዱ ቢደፈንም ገብስ አትጠብቅ። ክልሎቹን የምወቅሳቸው እዚህ ላይ ነው። የወጣውን መኪና ቆጥረው ሮያሊቲ፣ ማለትም ከሚወጣው ማዕድን ለመንግሥት የሚከፈለውን ድርሻ፣ መቀበል ላይ ጎበዞች ናቸው፣ ማሽኑ በገባበት ቀን አፈሩ የት እንደሚደፋ የሚያይ አንድ ባለሙያ መላክ ግን ይከብዳቸዋል፣ ከዚያ በኋላ ቢመጣ ደግሞ ምን ሊሠራ?

መልሱ እስኪመጣ ዙሪያውን በእሾህ እጠሩት። የሰፈሩ ልጆች ክረምት ላይ ዋና ያምራቸዋል።