«ተከተለኝ» የተባለው ሥራው ላይ ሳለ ነው

ከአገር የወጣን ካቶሊካውያን እምነታችንን በቀጠሮ የማኖር ልማድ አለን። መኖሪያ ፈቃዱ ይምጣ፣ ቤተሰቡ ይሰብሰብ፣ ዕዳው ይቅለል፣ ከዚያ ወደ ቤተ ክርስቲያን እንመለሳለን እንላለን። አገራችን ገብተን ቤት ሠርተን ስንረጋጋ እንጸልያለን ብለን ነገሩን ለጡረታ ዘመን የምናቆየውም ብዙዎች ነን። በጀርመን በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ለረጅም ዓመታት ስሠራ ይህን ቀጠሮ ሳይደርሱበት የቀሩ ወገኖቼን ቀብሬአለሁ። ለዚህ ነው ዛሬ በድፍረት የምጽፍላችሁ።

ጌታ ሌዊን የጠራው ቀረጥ ከሚሰበስብበት ጠረጴዛ ላይ ነው። «ተከተለኝ» አለው፤ ተነሥቶም ተከተለው። ሒሳቡን እስኪዘጋ አልጠበቀውም። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ቀጥሎ የሆነው ነው። ሌዊ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ኢየሱስን ቤቱ ጋብዞ፣ የሥራ ጓደኞቹን ሁሉ ጠርቶ አብረው እንዲበሉ ማድረግ ነው። ስለዚህ ጥሪው እስከ ገዳም ደጃፍ የሚያስኬድ ብቻ አይምሰላችሁ። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓ.ም. ይህንኑ በግልጽ አስተምሯል፤ ወደ ቅድስና የተጠሩት ካህናትና ደናግል ብቻ ሳይሆኑ የተጠመቀ ሁሉ፣ ባለትዳሩም ሠራተኛውም ነው።

በሌሊት ፈረቃ አንዲት ጀርመናዊት አሮጊት መቁጠሪያዋን ይዛ ጣቶቿ አልታዘዝ ሲሏት አየሁ። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለም። አጠገቧ ተቀምጬ ዶቃውን በጣቶቿ መካከል እያሳለፍኩ «ጸጋ የሞላሽ ማርያም ሆይ» ብዬ በአማርኛ ቀጠልኩላት። ቋንቋውን አታውቀውም፤ ጸሎቱን ግን አወቀችው፤ በየመጨረሻው «አሜን» ትል ነበር። እኛ ጽዳት፣ ታክሲ፣ መጋዘን፣ ሕመምተኛ የምንለው እንጀራ ሁሉ እንዲህ ያለ በር አለው። ያልሠራነውን ሰዓት አለማስመዝገብ፣ ያልታጠበን ሽማግሌ ታጥቧል ብሎ አለመፈረም፣ አዲስ የመጣውን ልጅ ሥራ ማሳየት፣ ኢየሱስን መከተል ማለት በሥራ ቀን ይህን ይመስላል።

ነገር ግን ለብቻ መከተል አይቻልም። መጀመሪያ በምትኖሩበት ሰፈር ባለው ቁምስና፣ ማለትም በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን፣ ተመዝገቡ። አማርኛ ቅዳሴ የለም ብሎ ቤት መቅረት ምክንያት አይሆንም፤ የእሑድ ቅዳሴ ግዴታ በማንኛውም የካቶሊክ ሥርዓት ቢፈጸም ይቆጠራል። የግእዝ ሥርዓት ቅዳሴ፣ ማለትም በአገራችን ጥንታዊ ሥርዓት የሚቀደሰው፣ በአቅራቢያችሁ በወር አንድ ጊዜ እንኳ ካለ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ በቀሩት እሑዶች ግን የሰፈራችሁ ቁምስና ቤታችሁ ይሁን። ስትታመሙ የሚጠይቃችሁ፣ ለክርስትና አባትነት ወረቀት የሚጽፍላችሁ እሱ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ወላጅ የማያውቀው ነገር አለ። ከአዲግራት ወይም ከእምድብር የመጣችሁ አብዛኞቻችሁ የግእዝ ሥርዓት ተከታዮች ናችሁ፤ ከሶዶ፣ ከሆሳዕና፣ ከነቀምቴ ወይም ከመቂ የመጣችሁ ደግሞ አብዛኞቻችሁ የላቲን፣ ማለትም የሮማው ሥርዓት። በላቲን ቁምስና ለሃያ ዓመት ብታስቀድሱም በዚያ ብቻ ሥርዓታችሁ አይለወጥም፤ የልጆቻችሁም አባልነት እንደ ደንቡ ከወላጆቻቸው ይወረሳል። በግእዝ ሥርዓት የተጠመቀ ሕፃን በዚያው ዕለት ሜሮን ይቀባል። ልጁ አሥራ አራት ዓመት ሲሞላው የጀርመን ወይም የአሜሪካ ቁምስና ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ምሥጢረ ሜሮን ይቀበል ብሎ ሊመዘግበው ይችላል። ይህ ምሥጢር ግን እንደ ጥምቀት አይደገምም። ስለዚህ የጥምቀት ምስክር ወረቀቱን አውጡና ሜሮን መቀባቱ ተጽፎ እንደሆነ ተመልከቱ፤ ለካህኑም አሳዩ። ልጁ ትምህርቱን አብሮ ይማር፤ ያ ይጠቅመዋል። በትምህርት ቤት «እናንተ ደግሞ ምን ዓይነት ካቶሊክ ናችሁ?» ተብሎ ሲጠየቅም የሚመልሰው ይኑረው፤ በቫቲካን ቅጥር ውስጥ ያለው ብቸኛ የዘርዓ ክህነት ኮሌጅ የኢትዮጵያውያን መሆኑን ንገሩት።

በጀርመን ለምትኖሩ አንድ ከባድ ጉዳይ ላንሣ። በማዘጋጃ ቤት ስትመዘገቡ ሃይማኖታችሁን ካቶሊክ ካላችሁ የቤተ ክርስቲያን ግብር ከደመወዛችሁ ይቆረጣል። የሚሰላው ከገቢ ግብሩ ላይ ነው፤ በባየርንና በባደን ቩርተምበርግ 8፣ በቀሩት ክፍለ አገሮች 9 ከመቶ። ሁለት መቶ ዩሮ የገቢ ግብር የሚከፍል ሰው አሥራ ስድስት ወይም አሥራ ስምንት ዩሮ ይጨምራል ማለት ነው፤ የገቢ ግብር የማይከፍል ዝቅተኛ ገቢ ያለው ምንም አይከፍልም። ይህን ለማዳን ብለው መንግሥት መሥሪያ ቤት ሄደው «ከቤተ ክርስቲያን ወጥቻለሁ» ብለው የሚፈርሙ ወገኖች አሉ፤ ልባችን አልወጣም ይላሉ። የጀርመን ጳጳሳት እ.ኤ.አ. በ2012 ዓ.ም. ባወጡት ድንጋጌ ግን የፈረመ ሰው ንስሐና ቅዱስ ቁርባን መቀበል አይችልም፤ ለሞት የሚያሰጋ ሁኔታ ካልሆነ በቀር። የክርስትና አባትም መሆን አይችልም። ለእነዚያ ዩሮዎች ሲባል የሚሸጠው ምን እንደሆነ አስቡት። የፈረማችሁ ካላችሁም በሩ አልተዘጋም፤ ካህኑን አነጋግሩ፣ የመመለሻ ሥርዓት አለ።

ትዳርም እንዲሁ ነው። ለመኖሪያ ፈቃድ ሲባል በማዘጋጃ ቤት ተፈራርመው፣ ሁለትና ሦስት ልጅ ወልደው፣ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ በቤተ ክርስቲያን ስላልተጋቡ ሳይቆርቡ የሚመለሱ ባልና ሚስት በየከተማው አሉ። ምክንያቱን ስጠይቃቸው ብዙ ጊዜ መልሱ ድግስ ነው፤ ወገን ተጠርቶ፣ አዳራሽ ተከራይቶ፣ ጠላውና ዶሮው ተሟልቶ ካልሆነ ተክሊል አይሆንም ብለው ይጠብቃሉ። ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ለምሥጢሩ የሚያስፈልጉት እናንተ ሁለታችሁ፣ ካህኑና ሁለት ምስክሮች ናቸው። ድግሱ በኋላ ይደርሳል። ወረቀታችሁ በስደት ጠፍቶ ከሆነም አትፍሩ፤ መጠመቃችሁን ያየ አንድ የታመነ ምስክር፣ ወይም በዐዋቂነት ተጠምቃችሁ ከሆነ የራሳችሁ መሐላ፣ ጥምቀቱን ለማረጋገጥ ሊበቃ ይችላል። ከኦርቶዶክስ ወገን ጋር የተጋባችሁ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ ስላለው ለብቻ ጠይቁ፤ በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በካህን የተባረከ ጋብቻ ጸንቶ የሚቆምበት ሕግ አለና በወሬ ብቻ ራሳችሁን ከቁርባን አትከልክሉ።

በዓረብ አገር በሰው ቤት ለምትሠሩ እህቶቼ የምለው ከዚህ ይለያል። በሳዑዲ ቤተ ክርስቲያን የለም፤ ባለበት አገርም አሠሪው ካልለቀቀ መሄድ አይቻልም። ይህ ኃጢአት አይደለም። ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት የቀረ ሰው በእሑድ ግዴታ አይያዝም፤ ስለዚህ በራሳችሁ ላይ አትፍረዱ። የዕለቱን ወንጌል በስልካችሁ አንብቡ፣ መቁጠሪያ ባይኖር በጣቶቻችሁ ቁጠሩ። በዱባይ፣ በአቡ ዳቢ፣ በኩዌትና በባሕሬን ግን አብያተ ክርስቲያናት አሉ፤ የእሑዱ ቅዳሴ በሌሎች ቀናትም የሚደረግበት ቦታ ስላለ የዕረፍት ቀናችሁን ይዛችሁ ጠይቁ።

እንግድነት ሲከብዳችሁ አቡነ ያዕቆብ የምንለውን ቅዱስ ዩስቲኖስ ደ ያቆቢስን አስቡ። ጣሊያናዊ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1839 ዓ.ም. አገራችን ገባ። የእኛን ልብስ ለበሰ፣ ቋንቋችንን ተማረ፣ በሽሽትና በእስር ተንከራተተ፣ እ.ኤ.አ. በ1860 ዓ.ም. በቀይ ባሕር ቆላ መንገድ ላይ ዐረፈ። የራሱን ሥርዓት ሊጭንብን አልመጣም፤ የግእዙን አክብሮ ያዘ። እኛ ዛሬ በሰው አገር የምንኖረውን ኑሮ እሱ በእኛ አገር ኖሮታል። ጸሎቱን ለምኑ።

ወደ ቁምስናው ጽሕፈት ቤት ስትሄዱ መታወቂያና ካላችሁ የጥምቀት ምስክር ወረቀት ያዙ። ቋንቋ ካስፈራችሁ ትልቁን ልጃችሁን ውሰዱ፤ ወላጁ ስለ እምነቱ ሲጠይቅ መስማቱ ለእሱም መልካም ነው። የንስሐ ሰዓት መቼ እንደሆነ በዚያው ጠይቁ። እሑድ የምትሠሩ ከሆነ የቅዳሜ ማታ ቅዳሴ ለእሑድ ይቆጠራል፤ ሰዓቱን ጽፋችሁ የፈረቃ ሰሌዳችሁ አጠገብ ለጥፉት።