ሲፒኬ ከፍ ማለቱ ስኪዞፍሬኒያን ያረጋግጣል ወይ?

ከድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር የጠየቅሽው እህት፣ ወንድምሽ ለስኪዞፍሬኒያ መድኃኒት ከጀመረ በኋላ በደም ምርመራ ሲፒኬው (CPK) 900 ወጣ፤ «ይህ በሽታውን ያረጋግጣል ወይ?» ብለሻል። አያረጋግጥም።

ሲፒኬ ከጡንቻ የሚወጣ ኢንዛይም ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ሜልትዘር የተባለ ተመራማሪ አጣዳፊ ሳይኮሲስ (ከእውነታ የሚያርቅ የአእምሮ ሕመም) በያዛቸው ሰዎች ላይ ከፍ ብሎ ስላገኘው፣ በሽታውን ይለያል ተብሎ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። ችግሩ፣ ቁጥሩን የሚያንረው ሌላው ነገር ብዙ ነው። ዋናው መርፌ ነው፤ ክሎርፕሮማዚን ወይም ሀሎፔሪዶል የሚባሉትን የሳይኮሲስ መድኃኒቶች በጡንቻ የተወጋ ሰው በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ያሻቅብበታል። ታግሎ የታሰረ፣ የወደቀ፣ ሌሊቱን ከከዚራ እስከ መጋላ ሰፈር ሲመላለስ ያደረም እንደዚያው። ጫትም እንቅልፍ ነስቶ ያባዝናል፣ ሳይኮሲሱንም ያባብሳል፤ በርጫ ይቀመጥ እንደሆነ ለሐኪሙ አትደብቂ። ደግሞ ብዙ ላብራቶሪ ለወንድ 200 አካባቢ ወሰን ቢያስቀምጥም የጥቁር ሰው መደበኛ መጠን ከዚያ ሊያልፍ ይችላል።

ስለዚህ ይደገም። መርፌም ከባድ ሥራም ሳይኖር ከ5 እስከ 7 ቀን ጠብቁ፤ ሲፒኬ በቀን ተኩል ገደማ በግማሽ ስለሚቀንስ የመርፌው ከሆነ ይወርዳል። የመጨረሻው መርፌ የተወጋበት ቀንና ሰዓት በማዘዣው ላይ ይጻፍ። ደም ሲቀዳ ማሰሪያው ከአንድ ደቂቃ አይብለጥ፣ ደሙም በመርፌ በኩል ተገፍቶ ወደ ቱቦ አይግባ። እንዲህ ሲሆን የደም ቀይ ሴል ይፈነዳል፤ ከፈነዳ ደግሞ አዴኒሌት ካይኔዝ የሚባለው ኢንዛይሙ ምርመራውን አሳስቶ ቁጥሩን በሐሰት ያስጨምራል። ሁለቱንም ጊዜ አንድ ላብራቶሪ ሂዱ፤ በ37 ዲግሪ የተለካና በ30 የተለካ አይወዳደርም።

መጠበቅ የሌለባችሁ አንድ ጊዜ አለ፦ ትኩሳት፣ እንደ እንጨት የደረቀ ሰውነት፣ ላብ፣ መቀባዠር፣ ወይም እንደ ኮካ የጠቆረ ሽንት ካያችሁ። ይህ መድኃኒቱ የሚያመጣው ኒውሮሌፕቲክ ማሊግናንት ሲንድሮም ሊሆን ይችላል፤ ይገድላል። «የድሬ ሙቀት ነው» ብላችሁ አትለፉት። ቀጣዩን መድኃኒት ሳትሰጡት በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። ወር የሚቆየው መርፌ ተወግቶ ከሆነ ከሰውነቱ ቶሎ ስለማይወጣ ይህንን አስቀድማችሁ ተናገሩ።

ማኦ (MAO) የሚባለው፣ ደም በሚያረጉት ፕላትሌት ሴሎች ውስጥ የሚለካው ሌላ ኢንዛይምም እንዲሁ በሽታውን አያረጋግጥም። መርፊና ዋያት የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1972 በስኪዞፍሬኒያ ሕሙማን ላይ ዝቅ ብሎ አገኙት፤ ነገር ግን ሲጋራም መድኃኒቱም ያወርዱታል፣ የጤነኛውና የሕመምተኛው ቁጥርም ይደራረባል። ስኪዞፍሬኒያ የሚለየው አሁንም በምልክትና ምልክቱ በቆየበት ጊዜ ነው፤ በአሜሪካው መስፈርት (DSM) ቢያንስ 6 ወር። የደም ምርመራ የሚታዘዘው ታይሮይድን፣ ቂጥኝን፣ ኤችአይቪንና ስኳርን ለማጣራት ነው፤ እነዚህ ካልታዩለት ጠይቂ።